በዝርዝሩ መሠረት ገዛሁ፤ ብረቱ ግን ጎደለ

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ብየዳ ቤት አለኝ። ለ40 የተማሪ ዴስክ የዕቃ ዝርዝር አውጥቼ 62 ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ) ባለ 25 በ25 ሚሊ ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት፣ ገዛሁ። አንዱ ዴስክ 4 ባለ 1.15 ሜትር፣ 4 ባለ 75 ሳንቲም፣ 4 ባለ 40 ሳንቲም ይፈጃል። ረጃጅሞቹን ቆርጬ ስጨርስ ለባለ 40ው 7 ቤርጋ ብቻ ቀረኝ። ሠራተኛዬ ትንንሽ ቁራጭ እየቀጠለ የተወሰነውን ሞልቷል። ብረት ተሰርቆብኝ ይሆን?

መልስ፦ የተሰረቀ አይመስለኝም። ባለ 75ውን ስትቆርጥ የተረፉትን ለካቸው፤ 73 ሳንቲም ገደማ ከሆኑ ጥፋቱ የስሌቱ ነው። ለአንድ ዴስክ 9.2 ሜትር፣ ለ40 ደግሞ 368 ሜትር፣ ለ6 ሲካፈል 62 ብለሃል። ዝርዝሩ ስንት ሜትር እንደሚያስፈልግ ነግሮሃል፤ ከአንድ ቤርጋ ስንት ፍሬ እንደሚወጣ ግን አልነገረህም።

ይህን ረጋ ብለህ ተመልከተው። ቤርጋው 6 ሜትር ነው። ባለ 1.15ው 5 ይወጣዋል፤ 23 ሳንቲም ተኩል ይተርፋል፣ ለምንም አይሆንም። ባለ 75ው በወረቀት ላይ ልክ 8 ነው። ዲስኩ ግን በየቆረጣው 3 ሚሊ ስለሚበላ ስምንተኛው 2 ሳንቲም ያጥረዋል፤ ስለዚህ 7 ነው። ባለ 40ውም በወረቀት 15፣ በእጅ 14። ለየብቻ ከተቆረጠ 32፣ 23 እና 12፣ በድምሩ 67 ቤርጋ ይፈልጋል። ከባለ 75ው ትራፊ ባለ 40 ካወጣህ ግን 65 ይበቃል።

ስለዚህ ትራፊዎቹን አትጣል፤ ከ22ቱ አንድ አንድ፣ ባለ 75 ስድስት ብቻ ከተቆረጠበት ከመጨረሻው ቤርጋ ደግሞ 3፣ በድምሩ 25 ፍሬ ባለ 40 ይወጣቸዋል። 7ቱ ቤርጋ 98 ይሰጡሃል። የሚጎድለው 37 ፍሬ ነው፤ 3 ቤርጋ ግዛ፣ ለብልሽት 2 ጨምር። አጭር ቁራጭ በእጅ ተይዞ አይቆረጥም፤ ሞርሳ (ብረት ማሰሪያ) ላይ እሰረው። የግራይንደሩን መከላከያ አትፍታ፣ መነጽር አድርግ።

የተቀጠሉትን ቆርጠህ አውጣ። ስስ ቱቦላሬ ሲቀጠል ተማሪ በተቀመጠበት ቁጥር ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል፤ ሞርዶ ቀለም መቀባት ስንጥቁን ይሸፍናል እንጂ አያጠነክረውም።

ስትጨምር ውፍረቱን አረጋግጥ። 1.5 ሚሊ ተብሎ 1.2 የሚሸጥ ሞልቷል፤ ይኸው ነው ብየዳ ላይ ቶሎ የሚበሳው። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ከሌለህ መዝነው፦ ትክክለኛው ባለ 1.5 ቤርጋ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፣ ባለ 1.2ው ከ5 ኪሎ ተኩል አያልፍም። ከአዲስ አበባ ካስመጣህ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ለ3 ቤርጋ ሌላ ጭነት እንዳትከፍል ቀድመህ ቁጠር።

ለቀጣዩ ሥራ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ዓምድ ጨምር፤ «ከአንድ ቤርጋ የሚወጣ» እና «የሚገዛ»። የሚረሱትንም አስገባ፦ 160 የእግር ጎማ፣ ኤሌክትሮድ፣ መቁረጫ ዲስክ፣ አንቲ ረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም)። በጅማ ዝናብ አንቲ ረስት ያልነካው እግር ከታች ጀምሮ ይዝጋል። ቦርዱንም እንደ ብረቱ ቁጠረው፤ ባለ 1.22 በ2.44 ቦርድ ባለ 40 ሳንቲም የዴስክ ፊት 6 ይወጣዋል፣ ለ40 ዴስክ 7 ቦርድ ነው።

ትራፊዎቹን ዛሬ ልትቆርጥ ከሆነ ደግሜ እላለሁ፦ መከላከያው ከግራይንደሩ ላይ አይነሳ፣ ብረቱም ሞርሳ ላይ ይታሰር።