ባዶው መስመር

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አልቶ ሳክስፎን እነፋለሁ። ድሮ ሠርግ ላይ እንሠራ ነበር፤ አሁን ሠርጉም ቀንሷል፣ መንገዱም አያስኬድም። ማታ ማታ ግን ለአራት ሳክስፎን ሙዚቃ እጽፋለሁ፦ ለሶፕራኖ፣ ለአልቶ፣ ለቴነርና ለባሪቶን። ዘፋኝ የለው፣ ከበሮ የለው፤ አራት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወተው ነው። በአምባሰል ቅኝት ጀምሬ ወደ አንቺ ሆዬ ቅኝት አሻግሬዋለሁ።

ችግሬ ታላቅ እህቴ ናት። አብረን ነው የምንኖረው። ኖታ ይዤ ካየችኝ "ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጦ አንተ ጥሩምባ አማረህ?" ትለኛለች። መብራት ጠፍቶ ሻማ ሳበራ ደግሞ ሻማው አለቀ ትላለች። ሳክስፎን ለሷ የጭፈራ ቤት ዕቃ ነው። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ እንግዳ ፊት ደገመችው። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። ታናሽ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት ቻልኩ፤ አሁን ግን አልቻልኩም።

ድርሰቱ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ሦስቱ መስመር ተጽፏል። የባሪቶኑን ባዶ ትቼዋለሁ (ባሪቶን ነፊያችን አምና ሐምሌ ሞጣ አረፈ፤ መንገድ ተዘግቶ ለቀብሩ አልደረስኩም)፤ ለማን እንደምጽፈው አላውቅም። እሱስ ይደርሳል፤ ያስቸገረኝ የእህቴ ነገር ነው።

አንዳንድ ማታ ግን እሷ ልክ ብትሆንስ እላለሁ። ሰው በሚያለቅስበት ዘመን ሙዚቃ መጻፍ ነውር ነው?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ነውር አይደለም። ጎጃም ሰው ሲሞት ሙሾ የሚወርድበት አገር ነው፤ ሐዘን በዜማ ሲወጣ አዲስ ነገር አይደለም። ጎረቤት ለቅሶ ላይ ሳለ እስከ አርባው መሣሪያ አለመንፋት ወግ ነው፤ በዚህ እህትህ ልክ ናት። መጻፍ ግን ድምፅ የለውም። የጭፈራ ቤት ዕቃ ማለቷም ስህተት ነው። ጌታቸው መኩሪያ እኮ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ያስጮኸ ሰው ነው። ሽለላ የቻለ መሣሪያ ለቅሶ አያቅተውም።

እኔን ያስቆመኝ ቅንፍ ውስጥ የከተትከው ነገር ነው። ለሻማው ቦታ አልጠፋም፤ ለሞተ ጓደኛህ ግን ያችን ቅንፍ ብቻ ሰጠኸው። ለቀብሩ አልደረስክም፤ እሺ። ከዚያስ? መንገዱ የተከፈተ ቀን ሄደሃል? ቤተሰቦቹን "እግዜር ያጽናችሁ" ብለሃል? ስላልጻፍክልኝ እንዳልሄድክ ነው የገባኝ። ተቆጥቼሃለሁ። ቀብር ያመለጠው ሰው እኮ ለቅሶ ይደርሳል፣ ዘግይቶም ቢሆን። ዓመት ቆይቶ "አልደረስኩም ነበር" ብሎ የመጣን ሰው ማን በር ይዘጋበታል? አራተኛው መስመር ባዶ የቀረው ነፊ ጠፍቶ አይመስለኝም። ገና ስላላለቀስክለት ነው።

ሐምሌ መጣ፣ ሙት ዓመቱ ደረሰ። መንገዱ ካስኬደ ሂድ። ካላስኬደ ደውልላቸው፤ ግን ዛሬ ደውል።

ከዚያ ባሪቶኑን ጻፍ። ለማን እንደምትጽፈው ታውቃለህ። የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ የትኛው ወፍራም ድምፅ ላይ መቆየት እንደሚወድ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ለእሱ ጻፈው። ማን ይነፋዋል ካልከኝ፣ ሙዚቃ የሚያውቅ ወዳጄን ጠየቅኩልህ። አልቶና ባሪቶን ሁለቱም ኢ ፍላት በሚባለው ድምፅ የተቃኙ ናቸው፣ የጣታቸው አያያዝም አንድ ነው፣ አልቶው አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል እንጂ ኖታው ያው ነው አለኝ። አንተ ይህን ከኔ በፊት ታውቀዋለህ። ታዲያ የጓደኛህን መስመር ያለ ለውጥ ራስህ ልትነፋው ትችላለህ።

የጎረቤታችሁ አርባ ሲያልፍ እህትህን አስቀምጠህ ያንን መስመር ብቻ አሰማት። የማን እንደሆነም ንገራት። ስለ እሱ ነግረሃት የምታውቅ አልመሰለኝም።