ሶሉ አላለቀም፣ ጉልበቴ ግን ያመኛል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ሲኤምሲ አካባቢ አስፋልት ላይ እሮጣለሁ። ጫማዬን መርካቶ ከሰልባጅ ነው የገዛሁት፤ ታቹ ገና አዲስ ይመስላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። የሰፈራችን ጫማ ሰፊ «የመኪና ጎማ ልለጥፍበት፣ ዕድሜ ይጨምራል» አለኝ። ላስለጥፍ?

መልስ፦ አታስለጥፊ ልጄ። ሰውየው ክፉ አላሰበም፤ ለበረባሶ የሚሆነውን ለሩጫ ጫማ አዘዘልሽ እንጂ።

መሬት የሚነካው ጎማ ሥራው እንዳትንሸራተቺና ታቹ ቶሎ እንዳይበላ ማድረግ ነው። የእርምጃሽን ጫና የሚቀበለው ከሱ በላይ ያለው ወፍራሙ የመካከል ሶል ነው። ብዙውን ጊዜ ኢቪኤ ከሚባል ፎም ይሠራል፤ ውስጡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ነው። ስትረግጪው ይታመቃል፣ ስታነሺ ይመለሳል። ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ ግን እንደ አሮጌ ፍራሽ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ጎማው ገና ሳያልቅ! ሰልባጅ ሲሆን ደግሞ የፊተኛው ባለቤት ምን ያህል እንደሮጠበት ማን ያውቃል? ሳይደረግ የከረመ እንኳ ቢሆን ፎሙ ይደርቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል።

የትዕግሥት አሰፋን ጫማ አስቢ። እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ በ2:11:53 የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው አዲዳስ አንዱ እግር 138 ግራም ገደማ ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉም ፎም ነው፤ ጎማው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። (ዋጋው ያኔ 500 ዶላር፣ ዕድሜው የአንድ ማራቶን ያህል፤ ለእኔና ለአንቺ አይሆንም።)

እንግዲህ ጫማሽን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላ እዪው። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጊዜው አልፏል። የመካከል ሶሉን ጎን በአውራ ጣትሽ ተጫኚ፤ አልጎደጉድ ካለ ወይም የተጨማደደ መስመር ከበዛበት እንደዚያው ነው። ተረከዙንም ጨብጪው፤ ጨርቁ ውስጥ እግርሽን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ጠንካራ ቅርፊት አለ። የልምምድ ጫማ ሆኖ በቀላሉ ከታጠፈ ተሰብሯል ማለት ነው። የመኪና ጎማ ብታስለጥፊበት ክብደት ይጨምራል፣ መታጠፊያውንም ይገትራል፤ ፎሙ ግን አይመለስም።

ሌላ ሰልባጅ የምትገዪ ከሆነ ከመክፈልሽ በፊት ከውስጥ የተነጠፈውን ስስ ሶል አውጥተሽ እዪው፤ የሰው ጣት ጠልቆ የታተመበትን ተዪው። ጉልበትሽ ካበጠ ወይም ሩጫ አቁመሽም ካልተሻለሽ ሐኪም ይየው። አሮጌውን አትጣዪው፣ ለገበያ መሄጃ ይሆናል።