ማስታወቂያው ወጣ፣ ሰው ግን አልመጣም

ጥያቄ፦ እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ፣ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ለአስቸኳይ ስብሰባ ማስታወቂያ ጻፍኩ፣ ማህተም አስመታሁ፣ በር ላይ ለጠፍኩ፣ ፎቶውንም ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቅኩት። ግማሹ አባል እንኳ አልመጣም። አንድ ዓይነ ስውር አባት ደግሞ «ከእድር ያስወጣችሁኝ መቼ ነው?» ብለው ተቆጡ። አፈርኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትየው እውነታቸውን ነው። ስልካቸው ላይ ያለው አንባቢ ፕሮግራም የሚያነበው የተተየበ ጽሑፍ ነው፤ አንቺ የላክሽው የወረቀት ፎቶ ስለሆነ «ፎቶ» ብሎ ዝም ይላል። ተይቢው። በድምፅሽም ቅጂና ላኪ፣ ፊደል ላልቆጠሩትም ይደርሳል።

የላክሽልኝን ማስታወቂያ ደግሞ ሁለቴ አነበብኩት። «በሚካሄደው አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የማይገኝ አባል በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ተጠያቂ መሆኑን እናሳስባለን» ይላል። ፍርድ ቤት የተጠራሁ ነው የመሰለኝ! ቀኑ ላይ ማህተም አርፎበታል። ሰዓቱ መጨረሻ ላይ «10:00» ተብሏል፤ ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሞላ ልጅ ጠዋት 4 ሰዓት ይመጣል፣ እናቱ ከሰዓት በ10። እንዲህ በይው፦ «እሁድ ከሰዓት በ10 ሰዓት እድሩ ቤት እንገናኝ። የምንነጋገረው ስለ ድንኳኑ ነው። የቀረ ይቀጣል።» አለቀ። «እንገናኝ» ካልሽ አንተ ልበል፣ አንቺ ልበል፣ እርስዎ ልበል ብሎ መጨነቅም የለም።

ቴሌግራም ለሌላቸው አጭር መልዕክት አለ፤ በአማርኛ ግን አንዱ መልዕክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው (በላቲን ቢሆን 160)፣ ስለዚህ ሰላምታውን ትተሽ ቀንና ሰዓቱን አስቀድሚ። አንዳንድ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ደግሞ ፊደላችን ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ለእነዚያ ደውይ።

ጥሩምባ ነፊያችሁስ? ለቅሶ ሲሆን በሌሊት ሰፈሩን ያዳርስ የለ? ቅዳሜ ማታ ለስብሰባም ይዙር። መስማት የተሳነው አባል ካላችሁ ግን ጥሩምባው ምኑም አይደለም፣ ወረቀቱን ጎረቤት በእጁ ያድርስለት።

ለአባትየው አትደውይ። ቤታቸው ሂጂ፣ ቡና ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ይቅርታ ከጠየቅሽ በኋላ የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ሳትለጥፊው አንብቢላቸው፤ የቱ ጋ እንደሚያደናግር ሳይሸፋፍኑ ይነግሩሻል።