ትልቅ ስሆን ያልነው ሁሉ የት ገባ?

ባለፈው እትም “ልጅ ሆናችሁ አዋቂነትን እንዴት ነበር የምታስቡት?” ብለን ጠይቀን የመጣው መልእክት ብዛቱ ጉድ ነው፣ ደግሞ አብዛኛው ጥያቄ ሳይሆን ክስ ነው፣ ከሳሹ ልጁ ተከሳሹ ያው ልጅ ካደገ በኋላ። ሁሉንም ማውጣት ስላልቻልን ከመሀል መርጠን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የ31 ዓመት ወንድ ነኝ። ልጅ እያለሁ 30 የሞላው ሰው ሁሉ ነገር የሚገባው ይመስለኝ ነበር፣ ማለት ቧንቧ ሲፈነዳ ምን እንደሚደረግ፣ ሰው ያዘነበት ቤት ገብቶ ምን እንደሚባል ምናምን። አሁን ስራ አለኝ፣ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ በስሬ የሚሰሩ ሁለት ልጆችም አሉ፣ ግን የሆነ ችግር ሲፈጠር መጀመሪያ የማደርገው ዞር ዞር ብዬ ትልቅ ሰው መፈለግ ነው፣ ከዛ ስዞር ሁለቱ ልጆች እኔን እያዩኝ አገኛቸዋለሁ። እውነቱን ንገሩኝ፣ ሌላው ሰው የተነገረው እኔ ያመለጠኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ኧረ ወንድሜ ምንም አላመለጠህም። ልጅ ሆነህ ያየኸው ውሳኔውን ነው እንጂ ሰው እንዴት ጨንቆት እንደሚወስን አይደለም። እስቲ የሆነ ውል ሊፈርም የተቀመጠ አባት አስብ፣ ልጁ የሚያየው እስክሪብቶ ከኪስ ሲወጣና ጫር ጫር ተደርጎ ሲያልቅ ነው፣ በቃ ያቺ ፊርማ ራሷ አዋቂነት ትመስለዋለች። ያላየው ግን ማታ እሱ ከተኛ በኋላ አባትየው አራተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ አልገባው ብሎ ከላይ እንደገና ሲጀምር፣ ለጓደኛው ደውሎ “ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?” ሲል፣ እናትየው “ይቅርብህ አትፈርም” ስትለው “እና ምን ላድርግ?” ብሎ ሲነጫነጭ ነው። ጠዋት የተነሳው ልጅ ያገኘው ረጋ ያለ ሰው ነው። አንተም ዛሬ የራስህን ጓዳ ከሰው ሳሎን ጋር እያወዳደርክ ነው የተጨነቅከው።

ጄፍሪ አርኔት የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት አለ፣ በፈረንጆቹ 2000 ላይ ከ18 እስከ 25 ያለው ዕድሜ ጉርምስናም ሙሉ አዋቂነትም ያልሆነ ለብቻው የሚታይ ጊዜ ነው ብሎ ጽፎ ብዙ ያነጋገረ ሰው ነው። ወጣቶች ትልቅ ሰው መሆንን በምን ትለኩታላችሁ ሲባሉ ከፊት የመጣው ትዳርም ምረቃም አልነበረም፣ ለራስ ኃላፊነት መውሰድ፣ በራስ መወሰንና የሰው እጅ ሳያዩ መኖር ነው እንጂ። ሶስቱም ደግሞ ቀን የላቸውም፣ ኬክ ተቆርጦ “ከዛሬ ጀምሮ” የሚባልበት ነገር የለም፣ ለዚህ ነው “አዋቂ ሆነሃል ወይ?” ተብሎ የተጠየቀው ብዙ ወጣት በአንዳንድ ነገር አዎ በአንዳንድ ነገር ገና የሚለው። በዚህ ሚዛን አንተ ካለፍክ ቆይተሃል፣ ችግሩ ማለፍህን የሚነግርህ ስሜት አልመጣም፣ ለብዙ ሰውም አይመጣም። ሁለቱን ልጆች በተመለከተ ግን የማታውቀው ነገር ሲመጣ “አላውቅም፣ እስቲ ማን እንደሚያውቅ እንፈልግ” በላቸው እባክህ፣ አለበለዚያ እነሱም 31 ሲሞላቸው ለኛ ይጽፋሉ።

ጥያቄ፦ ልጅ ሆኜ ትልቅ ስትሆኚ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ስባል ሳላስብ ፓይለት ነበር የምለው። አሁን 28 ዓመቴ ነው፣ የአንድ ድርጅት ዳታ ነው የማስተካክለው፣ ስራዬን አልጠላውም እንደውም ጎበዝ ነኝ፣ ግን ያቺን ልጅ የካድኳት ይመስለኛል።

መልስ፦ እህቴ ያቺ ልጅ እኮ ዳታ የሚያስተካክል ሰው መኖሩን አታውቅም ነበር! ልጅ የሚመርጠው ከሚያየው ስራ ነው፣ የሚታየው ደግሞ ዩኒፎርም ያለው፣ ነጭ ጋወን ያለው፣ ሰሌዳ ፊት የሚቆም ነው። ከፍ ሲሉም ብዙ አይሻሻልም፣ ኦኢሲዲ የሚባለው፣ በአብዛኛው የሀብታም አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት፣ በፈረንጆቹ 2020 ባወጣው ሪፖርት በ41 አገሮች የተጠየቁ የ15 ዓመት ልጆች ውስጥ 47 ፐርሰንት ወንዶችና 53 ፐርሰንት ሴቶች 30 ዓመት ሲሞላን እንሰራዋለን ያሉት ከ10 ታዋቂ ስራዎች አንዱን ነበር። አስር ብቻ! ዓለም ላይ ስንት ሺህ ዓይነት ስራ አለ፣ እና ግማሽ ያህሉ ልጅ አንድ ሰልፍ ላይ ነው የቆመው።

ሌላም ነገር አለ። በፈረንጆቹ 2013 ኳድባክ፣ ጊልበርትና ዊልሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከ18 እስከ 68 ዓመት ያሉ ከ19,000 በላይ ሰዎችን ይዘው ያዩት ነገር ገራሚ ነው፣ በየትኛውም ዕድሜ ያለ ሰው ባለፉት 10 ዓመታት በጣም ተቀይሬያለሁ ይላል፣ በሚቀጥሉት 10 ግን ብዙም አልቀየርም ብሎ ያስባል። ትልልቆቹ እንዲህ ከተሸወዱ የ7 ዓመት ልጅ የ28 ዓመት ሴት ምን እንደምትፈልግ በምን ታውቃለች? እኔ በበኩሌ ክህደት አልለውም። አውሮፕላኑ አሁንም ልብሽን የሚያንኳኳ ከሆነ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን የምትወስኚው በ28 ዓመቷ ሴት ፍላጎት ይሁን፣ ለልጅቷ እዳ ለመክፈል ብለሽ አይደለም።

ጥያቄ፦ ትልቅ ስሆን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፣ ከረሜላ ደግሞ በኪሎ ገዝቼ እጨርሳለሁ ብዬ ምዬ ነበር። አሁን ሶስት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ከረሜላውም በሁለተኛው ይዘጋኛል። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ አድገህ ነዋ። ልጆች ከአዋቂ የበለጠ የጣፈጠ ነገር እንደሚወዱ በተደጋጋሚ ታይቷል፣ ዕድገት ሲያበቃ ፍላጎቱም ይቀንሳል። ነፃነቱ መጣ፣ ምላሱ ሄደ። እንቅልፉን በተመለከተ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይመከራል፣ ለአዋቂ 7 እና ከዛ በላይ፣ ስለዚህ ሂድ ተኛ።

ጥያቄ፦ ልጅ እያለሁ ክረምት አያልቅም ነበር፣ አሁን ዓመቱ ራሱ ሳልይዘው ያመልጠኛል። ዕድሜዬ 50 ነው።

መልስ፦ ይሄን ፖል ዣኔ የሚባል ፈረንሳዊ ፈላስፋ በፈረንጆቹ 1877 አንስቶታል፣ ሀሳቡ ዓመት የሚለካው ከኖርነው ዕድሜ አንጻር ነው የሚል ነው። ለ5 ዓመት ልጅ አንድ ዓመት የህይወቱ 20 ፐርሰንት ነው፣ ለእርስዎ 2 ፐርሰንት። ሂሳቡ ያምራል ግን እኔን ብዙ አያሳምነኝም፣ ይልቅ ልጅ ሁሉ ነገር አዲስ ስለሚሆንበት ብዙ ትዝታ ያከማቻል፣ እኛ ደግሞ ሰኞን ከማክሰኞ የምንለይበት ነገር የለንም የሚለው ይሻላል። የማያውቁትን መንገድ ይሂዱ፣ አዲስ ነገር ይማሩ፣ ዓመቱ ባይረዝም እንኳ ዞር ብለው ሲያዩት የሚቆጥሩት ነገር ይኖርዎታል።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። ትልልቅ ሰዎች ሁሉ “አትቸኩል፣ ልጅነት ይሻላል” ይሉኛል። እውነት እንደዛ ያስጠላል እንዴ?

መልስ፦ ያደክማል፣ ያስጠላል ግን አልልህም። የሚያደክመው አንተ የፈራኸው ትልቁ ነገር አይደለም፣ ትንንሹ ነው፣ የሚታደስ መታወቂያ፣ የሚረሳ ፓስወርድ፣ ዛሬ ምን ይበላ የሚባል ጥያቄ ደግሞ በየቀኑ ከዜሮ ይጀምራል። በሌላ በኩል የማይመችህን ቤት ተነስተህ መውጣት ትችላለህ፣ ጓደኛህን የምትመርጠው አንተ ነህ፣ “ለምን?” ስትል “ስላልኩህ!” የሚልህ ሰው ይቀንሳል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም እና የሚነግርህ ሰው መጥፋቱ ያናድደኛል። ልጅነት ይሻላል የሚሉህ ሰዎች ጨዋታውን እያስታወሱ ነው፣ ውሳኔ ሁሉ በሌላ ሰው እጅ የነበረበትን ነገር ረስተውታል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ እንደዛ ሲሉህ በትህትና “ለመውጣት ፈቃድ መጠየቁም ናፍቆዎታል?” ብለህ ጠይቃቸውና ያሉህን ጻፍልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።