መጀመሪያ መንገዱ ይከፈት፦ ከአባይ ማዶ ላሉት እህታችን

ሰላም ለእርስዎ እህታችን። በባሕር ዳር በዘንዘልማ አቅጣጫ ከሰፈራችሁ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ለመኖሪያ ቤት ማህበራት ሊሰጥ ነው መባሉን ጽፈዋል። መውጫችሁ አንድ ብቻ ነው፣ አሁንም ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ይጨናነቃል። «መቃወም እንችላለን ወይ? ምንስ እናድርግ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም የምኖረው በዚያው በኩል ነው። ሰፈራችን ይህን ጉዳይ ከእናንተ ቀድሞ ስላየው ረዘም አድርጌ ልመልስልዎ።

ቤት እንዳይሠራ ብላችሁ አትነሱ። የባሕር ዳር የቤት ኪራይ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። የሚመጡት ለዓመታት ሲቆጥቡ የኖሩ መምህራን፣ ነርሶችና ነጋዴዎች ናቸው። እኛም ብንሆን ትናንት የመጣን ነን። «እዚህ ቤት አይሠራ» የሚል ደብዳቤ ይዞ የሄደ ሰው በየቢሮው ሰሚ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም። ጥያቄያችሁ «መጀመሪያ መንገዱ ይከፈት» የሚል ይሁን።

አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። በ2016 ዓ.ም. ሲመረቅ ተገላገልን ብለን ነበር፤ ድልድዩ ላይ እውነትም ተገላግለናል። ጣጣው ያለው ከድልድዩ ወዲያ ነው። የእኛ ሰፈሮች መውጫቸው ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ነው። ወደ ወረታና ጎንደር የሚያልፈው የጭነት መኪና፣ ሚኒባሱ፣ ሳይክል የሚነዳው ተማሪ ሁሉም እዚያው ነው ያለው። ከሰፈር የሚወጣ ባጃጅ ድንገት መሀላቸው ይገባል። ግንባታ ሲጀመር ደግሞ አሸዋና ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ ይመጣል፤ የሰፈሩን ጠጠር በአንድ ክረምት ያርሰዋል። መሬታችን ጥቁር አፈር ነው። ዝናብ ሲጠግብ ባጃጅ አያስገባም፣ እግረኛም በጭንቅ ነው የሚያልፈው። በእኛ ሰፈር ምጥ የያዛት ሴት በሰው ትከሻ እስከ አስፋልቱ ተወስዳለች። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ስብሰባ ላይ «ትራፊክ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ በዚህ ዓይነት ምሳሌ አስረዱ።

አሁን ወደ ፕላኑ ልምጣ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተሞች ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ሁለት ዓይነት ፕላን አስቀምጧል። መዋቅራዊ ፕላኑ ከተማው ወዴት እንደሚያድግ፣ የቱ መሬት ለመኖሪያ፣ የቱ ለአረንጓዴ፣ የቱ ለሌላ አገልግሎት እንደሚውል፣ ዋና መንገዶች በየት እንደሚያልፉ ያሳያል። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ወደ ሰፈር ወርዶ ዝርዝሩን ያስቀምጣል። አዋጁ ነዋሪው በፕላኑ ላይ እንዲወያይ ይላል። ስለዚህ ፕላኑን አሳዩን ማለት ልመና አይደለም። በከተሞቻችን የሚሠራበትን ድልድልም ያዙ፦ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። «ከሰፈራችን ጀርባ ካለው መሬት ለመንገድ ስንቱ ተያዘ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። መጠየቅ ያለባችሁ መሬቱ ከመሸንሸኑ በፊት ነው። ሽንሸናው አልቆ ዕጣ ከወጣ በኋላ እያንዳንዷ ሜትር ባለቤት አላት፤ ያን ጊዜ መንገድ ማስፋት ማለት የአንድን ቤተሰብ አጥር ማፍረስ ነው። የመሀል ከተማችን ጎዳና ዛሬም የሚያኮራን በ1950ዎቹ የጀርመን ባለሙያዎች ባወጡት ፕላን መንገዱ ከቤቱ በፊት ስለተሰመረ ነው።

በእኛ ሰፈር የሆነውን ልንገርዎ። ፕላኑ ላይ 15 ሜትር የሆነ ሁለተኛ መውጫ ነበረ። መሬት ላይ ግን አልነበረም። መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ የገበሬ ማሳ ነበር። ገበሬዎቹ «ነገ በትንሽ ካሳ ይወሰድብናል» ብለው ስለፈሩ በውል ወረቀት ቆራርሰው ሸጡት። ገዢዎቹ ቀን ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ ጭቃ ቤት ሠርተው ገቡ። ከእኛ ወገን አንዳንዱ «ሕገወጥ ናቸው፣ ይፍረሱ» ማለት ጀመረ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ስብሰባው ተበጠበጠ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተኳረፈ።

ነገሩ የተቃናው ሽማግሌዎች ገብተው ሰዎቹን ከጎናችን ካሰለፉ በኋላ ነው። አብረን ሄደን መስመሩ ጥቂት ወደ ምሥራቅ እንዲዞር ጠየቅን። ቀያሹ መጥቶ አየ። ብዙዎቹ ቤቶች ተረፉ። ሁለት ሦስት ሰው አጥሩን በፈቃዱ ወደ ውስጥ አስገባ። መውጫው ተከፈተ። አሁንም ጠጠር ነው፣ ቦይ የለውም፣ ግን አምቡላንስ ይገባል። ጊዜ ፈጅቷል፤ ብዙ ጊዜም «ነገ ተመለሱ» ተብለናል።

ያልተሳካልንም አለ። ለመኖሪያ የተሰጡ ቦታዎች አስፋልት ዳር ዳሩን ብረት ቤትና መጋዘን ሆነዋል። ደንበኛው መኪናውን መንገድ ላይ ያቆማል። ስለዚህ ዳር ዳሩ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ ሕንፃው ስንት ፎቅ እንደሚሆን፣ መኪና የት እንደሚቆም ከወዲሁ ጠይቁ።

የውኃ መሄጃውንም አትርሱ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ውኃ መንገድ ካልተሰጠው ሰው ቤት ይገባል። ዛሬ በክረምት ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ያ ቦታ ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ወይም ቦይ ካልሆነ «ለምን?» በሉ።

ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። የባጃጅ ሹፌሮችን ያዙ፤ የት እንደሚጨናነቅ እንደ እነሱ የሚያውቅ የለም። ባለ ማሳዎቹን ጥሩ። ቦታ የሚጠብቁትን የማህበር አባላትም ጋብዙ፤ ነገ በዚያው መንገድ የሚመላለሱት እነሱ ናቸው። ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቡና በቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። ስብሰባ ከተደረገም ቃለ ጉባኤው ይፈረም። እኛ በቃል የተገባልን ብዙ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ሄዷል።

ፕላኑን ካገኙ ፎቶውን እዚህ ይለጥፉት፤ አብረን እናየዋለን። ሽንሸናው መቼ እንደሚጀመር ግን ነገ ጠዋት ሄደው ይጠይቁ።