ኩባንያው ከ30 ዓመት በኋላ ይከፍላል? ስለ ሕይወት መድን የተላኩ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የሕይወት መድን ዛሬ ተከፍሎበት ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚረከቡት ነገር ነው፤ ተረካቢውም አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ የዓረቦኑን (ለመድኑ የሚከፈለውን ገንዘብ) ርካሽነት ከማየት በፊት ቃል የገባው ኩባንያ እስከዚያ ድረስ በእግሩ ይቆም እንደሆነ መመርመር ይገባል። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ በዚሁ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው።

ጥያቄ፦ ወኪሉ ኩባንያቸው የ«ኤ+» ደረጃ እንዳለው ነገረኝ። ይህ ብቻውን ያስተማምናል?

መልስ፦ መጀመሪያ «ማን የሰጠው ኤ+ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ፊደሉ አንድ ቢሆንም መሰላሉ እንደ መዛኙ (የኩባንያዎችን የመክፈል አቅም እንደሚመዝነው ድርጅት) ይለያያል። በኤኤም ቤስት መሰላል ላይ ከፍተኛው ኤ++ ስለሆነ ኤ+ ሁለተኛ እርከን ነው። በስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ እና በፊች ግን ከኤ+ በላይ ኤኤኤ፣ ኤኤ+፣ ኤኤ እና ኤኤ- አሉ፤ ስለዚህ ያው ኤ+ አምስተኛ ላይ ይወርዳል።

ቀጥሎ ደረጃው የተሰጠው ለማን እንደሆነ ያጣሩ። በውልዎ ላይ ስሙ የሰፈረው ኩባንያ እና በማስታወቂያው ላይ ስሙ የሚገነው ወላጅ ኩባንያ በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ሰውነት ያላቸው ናቸው፤ ወላጁ በጽሑፍ ዋስትና ካልሰጠ በቀር የልጁን ዕዳ የመክፈል ግዴታ የለበትም። የሚፈልጉት «የመድን ሰጪው የገንዘብ ጥንካሬ» ምዘና እንጂ የወላጁ ቦንድ (የብድር ሰነድ) ምዘና አይደለም። ምዘናው የወጣበትን ቀንና አጠገቡ የተጻፈውን የወደፊት ዕይታ ሳያዩም አይለፉ። «አሉታዊ» ከተባለ ደረጃው የመውረዱ ዕድል እየጨመረ ነው ማለት ነው። በአንድ አገር ውስጥ ብቻ ለማወዳደር የሚሰጥ ምዘናም አለና ከዓለም አቀፉ ጋር እንዳያምታቱት።

ጥያቄ፦ ኩባንያው በማንም አልተመዘነም። የሂሳብ መግለጫውን ራሴ ማንበብ እችላለሁ? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ይችላሉ። አለመመዘኑ ብቻውን የድክመት ማስረጃ አይሆንም፤ ሥራው ግን ወደ እርስዎ ይዞራል። የሦስት ተከታታይ ዓመታት ዓመታዊ ሪፖርት ይያዙና ከውጭ ኦዲተሩ ደብዳቤ ይጀምሩ። ኦዲተሩ «ከዚህ በስተቀር» የሚል ቃል ካስገባ፣ ወይም ኩባንያው ሥራውን ለመቀጠል ስላለው አቅም ጥርጣሬ ካነሳ፣ ሌላውን ገጽ ከመግለጥዎ በፊት እዚያው ይቁሙ። ሪፖርቱ በየዓመቱ እየዘገየ የሚወጣ ወይም ኦዲተሩ ያለ ምክንያት የተቀየረ ከሆነም መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከዚያ ወደ ሀብትና ዕዳ መግለጫው ይሂዱ። ለምሳሌ ጠቅላላ ሀብቱ 1,000 ሚሊዮን፣ ዕዳው 930 ሚሊዮን ነው እንበል። ካፒታሉ 70 ሚሊዮን፣ ማለትም የሀብቱ 7 በመቶ ነው፤ ላይ ላዩን ሲታይ ደህና ነው። አሁን ማብራሪያዎቹን ይክፈቱ። 20 ሚሊዮኑ ሶፍትዌርና ሌላ ኩባንያ ሲገዛ ከዋጋው በላይ የተከፈለ ገንዘብ ሆኖ ይገኛል፤ እነዚህ በችግር ቀን ተሸጠው ካሳ አይከፈልባቸውም። ሌላ 25 ሚሊዮን ለእህት ኩባንያ የተሰጠ ብድር ነው፤ እህትማማቾቹ ኩባንያዎች አብረው ሲወድቁ ይህም አብሮ ይጠፋል። ሁለቱን ሲቀንሱ የቀረው ካፒታል 25 ሚሊዮን፣ የቀረው ሀብት 955 ሚሊዮን ይሆናል። ስለዚህ ሀብቱ በ2.6 በመቶ ገደማ ዋጋ ቢያጣ ካፒታሉ ተሟጠጠ ማለት ነው። የኢንቨስትመንቱን ትርፍና ኪሳራ ደንበኛው ራሱ የሚሸከምባቸው ውሎች ካሉ፣ ሀብታቸውንም ዕዳቸውንም ከስሌቱ ያውጡ፤ ካላወጧቸው ንጽጽሩ ይዛባል።

ትርፉም ከየት እንደመጣ ይታይ። ሕንፃ እንደገና ተገምቶ ዋጋው በመጨመሩ የተመዘገበ ትርፍ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። በጠለፋ መድን (መድን ሰጪው ራሱ ከሌላ ኩባንያ በሚገዛው መድን) በኩል ደግሞ ኩባንያው በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ለራሱ የሚያስቀረውን የኃላፊነት መጠን ከካፒታሉ ጋር ያነጻጽሩ፤ የጠለፋ መድን ሰጪውም የራሱ እህት ኩባንያ ከሆነ አደጋው ከቤት አልወጣም።

ጥያቄ፦ አንዱ ኩባንያ ከሌሎቹ ሁሉ የላቀ የተረጋገጠ ወለድ ቃል ይገባል። ለምን አልወስደውም?

መልስ፦ ከሁሉም ምልክቶች ይበልጥ የሚያሳስበን ይሄኛው ነው። የሕይወት መድን ኩባንያዎችን በተደጋጋሚ የጣላቸው የሞት ካሳ ብዛት ሳይሆን ራሳቸው የገቡት የወለድ ቃል ነው።

በጃፓን ኩባንያዎች በ1980ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፍተኛ ወለድ ዋስትና ሰጥተው ውል ሸጡ፤ የገበያው ወለድ ሲወርድ ከሀብታቸው የሚያገኙት ገቢ ቃላቸውን መሸፈን አቃተው። ኒሳን ሙቹዋል በ1997 ወደቀ፤ እስከ 2001 ድረስ በድምሩ ሰባት ኩባንያዎች ወደቁ። በብሪታንያ በ1762 የተመሠረተው ኢኩዊተብል ላይፍ ለጡረታ ውሎች የሰጠውን ዋስትና ማክበር እንዳለበት በሐምሌ 2000 በፍርድ ከተወሰነበት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለአዳዲስ ደንበኞች በሩን ዘጋ።

የወለድ መጨመርም የራሱ ጣጣ አለው። ወለድ ሲያሻቅብ ኩባንያው የያዛቸው የቆዩ ቦንዶች ዋጋ ይቀንሳል፤ ደንበኞችም የተሻለ ወለድ ፍለጋ ውላቸውን ሊያቋርጡ ይሰለፋሉ። ኩባንያው ቦንዶቹን በኪሳራ ሸጦ ለመክፈል ይገደዳል። በጣሊያን የኤውሮቪታ ደንበኞች ውላቸውን አቋርጠው ገንዘብ እንዳያወጡ በ2023 መጀመሪያ በአገሪቱ የመድን ተቆጣጣሪ የታገዱት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ወኪሉን ይህን ይጠይቁ፦ ኩባንያው የረጅም ጊዜ የመንግሥት ቦንድ ከሚያስገኘው በላይ ቃል ከገባ ልዩነቱን የሚሞላው ከምን ነው? መልሱ ደረጃቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቦንዶች ወይም የሕንፃ ብድሮች ከሆነ አደጋው ምን ላይ እንዳለ አወቁ። በ1991 በካሊፎርኒያ ተቆጣጣሪ እጅ የገባው ኤግዘኪዩቲቭ ላይፍ አብዛኛው ሀብቱ እንዲህ ያሉ ቦንዶች ነበሩ።

ጥያቄ፦ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ኩባንያ ይወድቃል እንዴ?

መልስ፦ ይወድቃል። በ1845 የተመሠረተው የአሜሪካው ሙቹዋል ቤኔፊት ላይፍ የሕንፃ ብድሮቹ ሲበላሹና ደንበኞች ገንዘባቸውን ለማውጣት ሲጣደፉ በሐምሌ 1991 በመንግሥት እጅ ገባ። ዕድሜ ስላለፈው እንጂ ዛሬ በመዝገቡ ላይ ስላለው ሀብት አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ አንዱ ኩባንያ የአቅም ምጣኔው (ያለው ካፒታል ሕግ ከሚጠይቀው ጋር ሲነጻጸር) 180 በመቶ፣ ሌላው 400 በመቶ ነው ይላሉ። 400ው ይሻላል?

መልስ፦ በአንድ ሕግ ካልተሰሉ ማወዳደር አይቻልም። ከ2016 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት በሚሠራበት ሕግ መስመሩ 100 በመቶ ነው፤ ይህም በ200 ዓመት አንዴ የሚመጣን ከባድ ዓመት ለመቋቋም ታስቦ የተሰላ ካፒታል ነው። በአሜሪካ ስሌት ግን ምጣኔው ከ200 በመቶ በታች ሲወርድ ኩባንያው የማሻሻያ ዕቅድ ለተቆጣጣሪው ማቅረብ አለበት። እናም 180 በመቶ አንዱ ዘንድ ከመስመሩ በላይ፣ ሌላው ዘንድ ከመስመሩ በታች ነው። አንዳንዶች የአሜሪካውን ቁጥር ለሁለት አካፍለው ስለሚጠቅሱት 400 እና 200 አንድ ኩባንያን ሊገልጹ ይችላሉ። ከቁጥሩ ይልቅ በአንድ ስሌት የአምስት ዓመት ጉዞውን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ «98 በመቶ ካሳ እንከፍላለን» የሚል ማስታወቂያ አየሁ።

መልስ፦ በቁጥር ነው በገንዘብ? ከ100 የካሳ ጥያቄዎች 98ቱ እያንዳንዳቸው 10,000 ቢሆኑና ቢከፈሉ፣ ሁለቱ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ሆነው ውድቅ ቢደረጉ፣ በቁጥር 98 በመቶ፣ በገንዘብ ግን 33 በመቶ ብቻ ተከፍሏል። ደግሞም ይህ የመክፈል ፈቃደኝነትን እንጂ አቅምን አያሳይም።

ጥያቄ፦ የኩባንያዬ ደረጃ ወረደ። ውሌን ላቋርጥ?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ውልዎ ቁጠባ የሌለው፣ ለተወሰነ ዓመት የሞት ዋስትና ብቻ ከሆነ ኩባንያው ዘንድ የተከማቸ ገንዘብ የለዎትም፤ የሚያሰጋዎት ጤናዎ ከተለወጠ በኋላ ሽፋኑን ማጣት ነው። ስለዚህ አዲሱ ኩባንያ በጽሑፍ ተቀብሎዎት ሽፋኑ እስኪጀምር ድረስ የድሮውን ዓረቦን ይክፈሉ። በብዙ አገሮች ኩባንያው የጤና መግለጫዎን መርምሮ ካሳ ሊከለክል የሚችልበት የመጀመሪያ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት፣ በአዲሱ ውል እንደገና መቆጠር ይጀምራል።

ቁጠባ ያለበት ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል። ተቆጣጣሪ ሲገባ መጀመሪያ የሚታገደው ውል አቋርጦ ገንዘብ ማውጣትና በውሉ ላይ መበደር ነው፤ የሞት ካሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ መከፈሉን ይቀጥላል። እናም ዛሬ ቢያቋርጡ የሚመለስልዎትን ገንዘብ ተቀናሹ ተለይቶ በጽሑፍ ያስነግሩ፤ በግዴታ የማይከፍሉት ተጨማሪ መዋጮ ካለ ወዲያው ያቁሙ። ኩባንያ ሲወድቅ ደንበኞችን የሚጠብቅ የዋስትና ፈንድ መኖሩንና የሚሸፍነውን ጣሪያም ይጠይቁ። በጃፓን ለምሳሌ ፈንዱ ለአብዛኞቹ ውሎች የሚጠብቀው ኩባንያው ለውሉ ከያዘው መጠባበቂያ 90 በመቶውን ነው እንጂ ቃል የተገባልዎትን ሙሉ ገንዘብ አይደለም፤ የተረጋገጠው ወለድም ሊቀነስ ይችላል። ኩባንያው በተቆጣጣሪ እጅ ከገባም በኋላ ዓረቦኑን አያቋርጡ፤ በዚያ ወቅት የተቋረጠ ውል ጭራሽ ሊፈርስ ይችላል።