የሳይክሊን ቢ1 ፀረ እንግዳ አካል ተበላሽቶብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ በሐረር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። በሕዋስ ክፍፍል ላይ የሚሠራውን ሳይክሊን ቢ1 የተባለ ፕሮቲን በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በክብደታቸው ለይቶ የሚፈለገውን በሚጣበቅበት ፀረ እንግዳ አካል እንደ መስመር በሚያሳይ ዘዴ) ለማየት ከውጭ ፀረ እንግዳ አካል አስመጣን። ዕቃው ድሬዳዋ ደርሶ እስኪለቀቅ ድረስ በረዶው ቀልጦ ግማሽ ቀን በሙቀት ቆይቷል። ፕሮቲኑ በስሌት 48 ኪሎ ዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ሲሆን፣ በሄላ ሕዋሳት (በቤተ ሙከራ በሚራቡ የሰው የካንሰር ሕዋሳት) ላይ ያገኘሁት መስመር ግን 60 አካባቢ ነው፤ ከበታቹም ደብዘዝ ያለ ሌላ መስመር አለ። ፀረ እንግዳ አካሉ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሳይክሊን ቢ1 በጄል ላይ ከስሌቱ ከፍ ብሎ ከ55 እስከ 60 ኪሎ ዳልተን ባለው መካከል መታየቱ የተለመደ ስለሆነ፣ የመስመሩ ቦታ አያሳስብዎት። የድሬዳዋ ሙቀት ቀላል ባይሆንም አብዛኞቹ ፀረ እንግዳ አካላት ግማሽ ቀን ይችሉታል፤ ይበልጥ የሚጎዳቸው በረዶ እየሆኑ ደጋግመው መቅለጣቸው ነው።

ይሁን እንጂ መስመሩ በሚጠበቀው ቦታ መታየቱ ብቻ ሳይክሊን ቢ1 መሆኑን አያረጋግጥም። የተሻለው ምስክር የፕሮቲኑ የራሱ ጠባይ ነው። ቲም ሀንት በ1982 በባሕር ጃርት እንቁላል ውስጥ ያስተዋለው፣ በ2001 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ለኖቤል ሽልማት ያበቃውም፣ የሳይክሊን መጠን እየጨመረ ሄዶ ሕዋሱ ሲከፈል በድንገት መጥፋቱን ነው። ስለዚህ አንዱን የሄላ ናሙና ኖኮዳዞል በተባለ ክፍፍልን በሚያግድ መድኃኒት ለ16 ሰዓት ያህል ክፍፍል መካከል ላይ፣ ሌላውን ደግሞ ታይሚዲን በተባለ ኬሚካል፣ ዲኤንኤ መባዛት በሚጀምርበት ደረጃ ላይ ያስቁሙ። መስመሩ በመጀመሪያው ደምቆ በሁለተኛው እጅግ ከደበዘዘ፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ሥራውን እየሠራ ነው። ሴረም (ሕዋሳትን ለማሳደግ የሚጨመረውን የደም ፈሳሽ) በመከልከል ማስቆም ብዙ ጊዜ ቢመከርም፣ ሄላ የካንሰር ሕዋስ በመሆኑ በዚህ መንገድ በወጉ አይቆምም።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ በኖኮዳዞል የቆሙ ሕዋሳት ክብ ሆነው ከሳህኑ በቀላሉ ስለሚላቀቁ፣ አሮጌውን ፈሳሽ የደፋ ሰው የሚፈልጋቸውን ሕዋሳት አብሮ ይደፋል። ፈሳሹን በሴንትሪፉጅ አዙረው ከታች የዘቀጠውን ከናሙናው ጋር ይቀላቅሉ።

የደበዘዘውን መስመር በተመለከተ፣ በየናሙናው እኩል ፕሮቲን መጫንዎን፣ መጠኑ ብዙም በማይለዋወጠው አክቲን በተባለ ፕሮቲን ካረጋገጡ በኋላ ከዋናው ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ የፕሮቲኑ ስባሪ ሳይሆን አይቀርም። በሁለቱም ናሙና ሳይለወጥ ከቆየ ግን ፀረ እንግዳ አካሉ ሌላ ፕሮቲን ላይም እየተጣበቀ ነው ማለት ስለሆነ፣ መጠኑን ቀንሰው ይሞክሩ።